ሁለት ጊዜ የዘመተች ሴት፤ የቻይናዊቷ ደራሲ የሺዬ ቢንግዪንግ ወጣትነት፥ ከ1906 እስከ 1938

በ1927 መጀመሪያ ላይ፥ በያንግዜ ወንዝ ዳር በምትገኘው በዉሃን ከተማ፥ ጠጕራቸውን በአጭሩ ተቈርጠው የወታደር ልብስ የለበሱ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ሴቶች በየማለዳው ሰልፍ ይማሩ ነበር። የእነዚህ ልጆች እናቶች አብዛኞቹ እግራቸው በልጅነታቸው ስለ ታሰረ ከደጃፋቸው ርቀው መሄድ የሚቸግራቸው ነበሩ። ልጆቹ ግን ጠመንጃ ተሸክመው ለመዝመት ይዘጋጁ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ የሃያ ዓመት ልጅ የነበረችው ሺዬ ቢንግዪንግ ናት። ይህችው ሴት ከዐሥር ዓመት በኋላ፥ የጃፓን ሠራዊት በሻንጋይ ላይ በዘመተ ጊዜ፥ ሌሎች ሴቶችን አስከትላ ሁለተኛ ጊዜ ወደ ጦር ግንባር ወጣች። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው በእነዚህ ሁለት ዘመቻዎች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ጥያቄውም፥ ጦርነት ለዚህች ሴት ነጻነት ሰጣት ወይስ አልሰጣትም የሚል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስለ ሕይወቷ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር ከራሷ ብዕር የወጣ ስለ ሆነ፥ አስቀድሞ ስለ ምስክሮቹ ጥቂት ቃል መናገር ያስፈልጋል። አንደኛው ምስክር በ1927 ከዘመቻው ላይ እየጻፈች ለጋዜጣ የላከችው የዕለት ማስታወሻ ሲሆን፥ በ1929 በሻንጋይ በመጽሐፍ መልክ ታትሟል። ሁለተኛው በ1936 በዚያችው ከተማ የታተመው የሕይወት ታሪኳ ነው። እነዚህ ሁለት ምስክሮች እኩል አይደሉም። ማስታወሻውን የጻፈችው ነገ የሚሆነውን የማታውቅ ልጅ ናት። የሕይወት ታሪኩን የጻፈችው ግን የሴቶቹ ጦር መበተኑን ያየች፥ በድኽነትም የተፈተነች የሠላሳ ዓመት ሴት ናት። በመጀመሪያው ዘንድ ጐልቶ የሚታየው ዘመቻውና የገጠሩ ሕዝብ ነው፤ በሁለተኛው ዘንድ ግን ከእናቷ ጋር ያደረገችው ትግል ትልቁን ቦታ ይይዛል። ስለዚህ አንዱን በሌላው እየመዘኑ ማንበብ ይገባል።

ሺዬ ቢንግዪንግ በ1906 በሁናን ጠቅላይ ግዛት በሺንኋ አውራጃ በአንድ የተራራ መንደር ተወለደች። አባቷ በጥንቱ የኮንፊውሺየስ ትምህርት የታወቁ ሊቅ ሲሆኑ፥ የአውራጃውን መካከለኛ ተማሪ ቤት ያስተዳድሩ ነበር። ለልጃቸውም ጥንታዊውን ጽሑፍ ራሳቸው ያስተምሯት ጀመር። በቤቱ ውስጥ የሚታዘዘው ግን የእናቲቱ ቃል ነበር። እናቷ እንደ አገሩ ልማድ የልጅቱን እግር በጨርቅ ጠፍረው አሰሩ፤ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ሳለችም ለአባቷ ወዳጅ ልጅ ታጨች። እናቲቱን ጨካኝ ብሎ ማለፍ ግን ለታሪክ ጸሐፊ አይበቃም። እግሯ ያልታሰረ ልጅ ባል አታገኝም፤ ባል የሌላት ሴትም በዚያን ዘመን መንደር መኖሪያ የላትም። እናቲቱ ያደረጉት ሁሉ ልጃቸው በሚያውቁት ዓለም ውስጥ እንዳትወድቅ ነበር። ጠቡ የመጣው ልጅቱ ሌላ ዓለም እንዳለ በመስማቷ ነው።

ይህንንም የሰማችው ከአባቷ መጻሕፍትና በአዲሱ ትምህርት ካደጉት ወንድሞቿ ነበር። እናቷ ለሴት ልጅ ተማሪ ቤት አያስፈልጋትም ባሉ ጊዜ፥ ምግብ አልቀምስም ብላ ተኛች። ረኃቡ በጸና ጊዜ እናቲቱ ተረቱና ልጅቱ ወደ ተማሪ ቤት ሄደች፤ እግሯንም ፈታች። ቀጥሎ ከገባችበት የሚሲዮን ተማሪ ቤት፥ ጃፓን በ1915 በቻይና ላይ የጫነችውን ጥያቄ ለማውገዝ ከጓደኞቿ ጋር ሰልፍ በማድረጓ ተባረረች። ከዚያም በጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ በቻንግሻ በሴቶች መምህራን ማሠልጠኛ ገባች። እንግዲህ ወታደር ከመሆኗ በፊት ሁለት የትግል መንገዶችን ተምራ ነበር ማለት ነው፤ አንዱ እንቢ ማለት፥ ሌላው ከብዙዎች ጋር ሆኖ አደባባይ መውጣት ነው።

በዚህ ጊዜ የቻይና አገር ራሱ በብጥብጥ ላይ ነበር። የ1911 አብዮት የማንቹን ዘውድ ካወረደ በኋላ ግዛቱ ለየጦር አለቆቹ ተከፋፍሎ ነበር። በ1926 በሐምሌ ወር የኩኦሚንታንግ ሠራዊት፥ በዚያን ጊዜ ተባባሪዎቹ ከነበሩት ከኮሙኒስቶች ጋር ሆኖ፥ አገሩን አንድ ለማድረግ ከደቡብ ወደ ሰሜን ዘመተ። ሁናንን አልፎ ዉሃንን ከያዘ በኋላ የጦር ትምህርት ቤቱን ቅርንጫፍ በዚያ ሲከፍት፥ ከወንዶቹ ጋር ሴቶችንም ለመቀበል ወሰነ። ትምህርት ቤቱ በ1927 በየካቲት ወር ሥራውን ጀመረ።

ሺዬ እንድትመዘገብ የመከራት ሁለተኛው ወንድሟ ነው። ምክሩም ቀጥተኛ ነበር፤ ወታደር ከሆነች ከጋብቻው ታመልጣለች፥ ደራሲ ለመሆን ከፈለገችም የምትጽፈው ታገኛለች። በሕይወት ታሪኳ ውስጥ እንደ ገለጸችው፥ አብረዋት ከተመዘገቡት ሴት ተማሪዎች ከዐሥሩ ዘጠኙን ያህል የገፋፋቸው ከቤተሰብ ጭቆና ወጥቶ የራስን መንገድ የመፈለግ ሐሳብ ነበር። ይህ ግምት እንጂ ቈጠራ አይደለም፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላም የተጻፈ ነው። ሆኖም ግምቱን የሚደግፍ ነገር አለ። ከዚሁ ትምህርት ቤት የወጣችው ሁ ላንቺም ቤተሰቧ ያጋባትን ባል ትታ የመጣች ሴት ነበረች። ስለ አገር አንድነት የሚናገረው የአብዮቱ ቃልና ስለ ራሷ ዕጣ የምትጨነቀው ልጅ ልብ በአንድ በር ተገናኙ።

ትምህርቱ በተጀመረ በሦስተኛው ወር፥ በግንቦት፥ ሺያ ዶዪን የተባለው ጄኔራል ከድቶ ወደ ዉሃን ገሠገሠ። ተማሪዎቹም በዬ ቲንግ ከሚመራው ጦር ጋር እንዲዘምቱ ታዘዙ። ከሴቶቹ ተመርጠው ወደ ፊት ከሄዱት አንዷ ሺዬ ነበረች። ሥራቸው በአብዛኛው ቁስለኛ ማንሣትና ለገጠሩ ሕዝብ የሠራዊቱን ዓላማ ማስረዳት ነበር። ዘመቻው አንድ ወር ያህል ቈየ። ሺዬ ሠራዊቱ ባረፈበት ቦታ ሁሉ ወረቀቷን በጉልበቷ ላይ አድርጋ የዋለችበትን ትጽፍ ነበር። ጽሑፉንም በዉሃን ይታተም ለነበረው የማዕከላዊ ዕለታዊ ጋዜጣ አዘጋጅ ለሱን ፉዩዋን ላከችለት፤ እርሱም አተመው። በኋላ በዓለም የታወቀው ደራሲ ሊን ዩታንግ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። የሃያ ዓመቷ ልጅ ስሟ ከመንደሯ አልፎ ተሰማ።

ደስታው ግን ብዙ አልሰነበተም። በሐምሌ 1927 የዉሃን መንግሥት ከኮሙኒስቶች ጋር የነበረውን ኅብረት አፈረሰ፤ የሴቶቹም ጦር ተበተነ። የወታደር ልብሳቸውን አውልቀው በየቤታቸው እንዲገቡ ተነገራቸው። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። መንግሥቱ ሴቶቹን ሲጠራቸው ከአባትና ከእናት ሥልጣን አውጥቶ በራሱ ሥልጣን ሥር አደረጋቸው፤ ሲያሰናብታቸው ደግሞ ወደ ቀድሞው ሥልጣን መለሳቸው። በመካከሉ ያገኙት ነጻነት የውሰት ነበር። ያዋሰው ሠራዊት ሲበተን ነጻነቱም አብሮ ተመለሰ።

ሺዬ ወደ መንደሯ እንደ ተመለሰች እናቷ ቤት ዘጉባት፤ ሠርጉም ተቈረጠ። ደጋግማ ለማምለጥ ሞከረች፥ ደጋግማም ተያዘች። በመጨረሻ ሠርጉ ተደረገና ወደ ባሏ ቤት ተወሰደች። ሙሽራው ግን በግድ አልያዛትም። ሌሊቱን ሁሉ በክርክር አሳለፉት፤ እርሷም በሐሳቧ ጸናች። ከቤቱ ለመውጣት የቻለችው በጠመንጃ ሳይሆን፥ በአንድ ተማሪ ቤት የመምህርነት ሥራ በማግኘቷ ነው። ሥራውን ምክንያት አድርጋ ወጣች፥ በዚያው ርቃ ሄደች። ሠራዊቱ ሊያወጣት ያልቻለውን የመምህርነት ደብዳቤ አወጣት።

በ1928 ሻንጋይ ገባች። በዚያም የራብንና የብርድን ኑሮ አየች፤ ያከራዩዋት ሰዎች ወንጀለኞች ሆነው ስለ ተገኙ ከእነርሱ ጋር ተይዛ ለጥቂት ቀን እስከ መታሰር ደርሳለች። ቢሆንም ማስታወሻዋ በመጽሐፍ ታትሞ ጥቂት ገንዘብና ብዙ ስም አስገኘላት። በቤይፒንግ በሴቶች መምህራን ዩኒቨርሲቲ ተማረች፤ በ1931ም ትምህርቷን ለመቀጠል ወደ ጃፓን ሄደች። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ጃፓን ማንቹሪያን ስትወርር፥ ከሌሎች ቻይናውያን ተማሪዎች ጋር ተቃውማ ወደ አገሯ ተመለሰች። የመንግሥታት ማኅበር መርማሪዎች ልኮ የጃፓንን ሥራ ቢነቅፍም፥ ጃፓን በ1933 ከማኅበሩ ወጣች እንጂ ማንቹሪያን አልለቀቀችም። ይኸው ማኅበር በ1935 እና በ1936 በአገራችን ላይ በደረሰው ወረራ ጊዜ ምን ያህል እንደ ረዳን፥ የዚህ ጽሑፍ አንባቢ ሳይነገረው ያውቃል።

ሺዬ ሁለተኛ ጊዜ ወደ ጃፓን ተመልሳ በዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ ትማር ነበር። ጃፓኖች በማንቹሪያ ላይ ያነገሡትን ፑዪን አልቀበልም በማለቷ የቶክዮ ፖሊሶች ያዟት፤ በእስር ቤትም ደበደቧት። ከዚህ ወዲያ ጃፓን ለእርሷ በጋዜጣ የሚነበብ ጠላት ብቻ አልሆነችም።

በ1937 በሐምሌ ወር በቤይፒንግ አጠገብ፥ በነሐሴም በሻንጋይ ጦርነቱ ተጀመረ። ሺዬ በዚያን ጊዜ በሁናን ነበረች። የሁናንን ሴቶች የጦር ሜዳ አገልግሎት ጓድ አቋቋመችና በመስከረም ወር ከቻንግሻ ተነሥታ፥ ከሃያ የማይበልጡ ሴቶች አስከትላ፥ በሻንጋይ አጠገብ በጂያዲንግ ከተሰለፈው ከአራተኛው ጦር ጋር ተገናኘች። ሴቶቹ ቁስለኛ ያጥባሉ፥ በፋሻ ይጠቀልላሉ፥ ውሃና ምግብ ያቀርባሉ፤ ፊደል ለማያውቅ ወታደር ወደ ቤቱ ደብዳቤ ይጽፉለታል። የጃፓን አውሮፕላኖች ቀን ቀን መንገዱን ይደበድቡ ስለ ነበር፥ ቁስለኛ የሚጓጓዘው በአብዛኛው በሌሊት ነበር። በኅዳር ወር ሻንጋይ ስትያዝ ጓዱ ከሠራዊቱ ጋር አፈገፈገ። ሺዬ በዚህም ጊዜ መጻፏን አልተወችም፤ አዲሱ የጦር ማስታወሻዋ በ1938 ታተመ።

አሁን ሁለቱን ዘመቻዎች አጠገብ ለአጠገብ እናኑራቸው። ሥራውን ብቻ ለሚመለከት ሰው ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ በ1927ም በ1937ም ቁስለኛ አነሣች፥ ሕዝብ አስተማረች፥ ጻፈች። እንዲያውም በመጀመሪያው ጊዜ የጦር ትምህርት ቤት ተማሪ ስትሆን፥ በሁለተኛው ጊዜ የወታደር ማዕርግ ያልነበረው ጓድ መሪ ነበረች። ከዚህ ተነሥቶ የሴቶች ዕድል ወደ ኋላ ተመለሰ የሚል ይኖራል፤ አነጋገሩም ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን የቆመችበትን ቦታ ስንመለከት ነገሩ ይገለበጣል። በ1927 የሄደችው ከቤት ሸሽታ ነው፤ መንግሥት ጠራት፥ መንግሥት አሰናበታት። በ1937 ግን የጠራት የለም። ጓዱን ያቋቋመችው ራሷ ናት፤ ሲያበቃም ወደ እናቷ ቤት የሚመልሳት ሥልጣን አልነበረም።

ይህን ለውጥ ያመጣው ጦርነት አይደለም። በሁለቱ ጦርነቶች መካከል ያለፉት ዐሥር የትምህርት፥ የደመወዝና የብዕር ዓመታት ናቸው። ጦርነት በሩን ከፈተላት፤ በሩ መልሶ እንዳይዘጋ የያዘችው ግን በራሷ ጉልበት ነው። ሁሉም እንደ እርሷ አልቀናቸውም። ከዚያው ከዉሃን ትምህርት ቤት የወጣችው ዣው ዪማን በማንቹሪያ ጃፓኖችን ስትዋጋ ተይዛ በ1936 ተገደለች። ሁ ላንቺ ግን እንደ ሺዬ በ1937 የሻንጋይን ሠራተኛ ሴቶች ሰብስባ ወደ ግንባር ዘመተች። አንድ ትምህርት ቤት ያወጣቸው ሦስት ሴቶች በሦስት መንገድ ሄዱ፤ የሚያመሳስላቸው በ1927 ወደ ቤታችሁ ግቡ የተባሉትን ቃል አለመቀበላቸው ነው።

ሺዬ ቢንግዪንግ ከጦርነቱ በኋላ በ1948 ወደ ታይዋን ሄዳ በመምህራን ኮሌጅ አስተማረች፤ በ2000 ዓመተ ምሕረት በሳን ፍራንሲስኮ ዐረፈች። የሕይወት ታሪኳ በ1940 በሊን ዩታንግ ሴቶች ልጆች ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ በኒው ዮርክ ታትሟል። መጽሐፉን የሚያነብ ተማሪ የጦር ሜዳውን ምዕራፍ ብቻ ፈልጎ እንዳያልፍ እንመክራለን። የታሪኩ ፍሬ ያለው በሁለቱ ዘመቻዎች መካከል፥ ልብሷን አውልቃ ወደ ተዘጋው ቤት በገባችበትና በመምህርነት ደብዳቤ በወጣችበት ምዕራፍ ላይ ነው።