«ፓኬጅ አልወስድም!»

ለሌላ ጉዳይ ቦምቤ ሄጄ ነበር። ቦምቤ በወላይታ ዞን የቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከአረካ ወዲያ፣ አገሩ ወደ ኦሞ ወንዝ ማዘቅዘቅ በሚጀምርበት በኩል። በፊት ከቦሎሶ ሶሬ ጋር አንድ ወረዳ ነበረች።

እናላችሁ፣ ቀኑ የገበያ ነው። የሞባይል ካርድ ከምትሸጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ ፊት ቆሜ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከፊቴ ያሉት ሽማግሌ የ10 ብር ካርድ ጠየቁ። ባለ ሱቁ ልጅ ለእሳቸው አስቦ፣ «አባባ፣ ካርድ ከሚሞሉ ፓኬጅ ላርግልዎት? ይረክስልዎታል» አላቸው።

ሽማግሌው ብሩን የያዘ እጃቸውን ከመስኮቱ ላይ መለሱ። «ፓኬጅ አልወስድም! እኔ ያልኩህ ካርድ ነው።»

ልጁ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በኋላ ነው ሳቄ ያሳፈረኝ። ልጁ ያወራው ስለ ደቂቃና ስለ ሜጋባይት ነው። ሽማግሌው የሰሙት ስለ ማዳበሪያ ዕዳ ነው።

እስቲ ግሱን ልብ በሉልኝ። የስልክ ፓኬጅ ይገዛል። የቢሮ ፓኬጅ ይቀረጻል፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች «ይወርዳል»። የጤና ፓኬጅ ላይ ቤተሰብ ሠልጥኖ ይመረቅበታል። የሠርግ ፎቶ አንሺው «ቪዲዮው ከነአልበሙ ፓኬጁ ውስጥ አለ» ይላችኋል። የገበሬው ፓኬጅ ግን ይወሰዳል። በአማርኛችን ደግሞ እንዲህ የሚወሰደው መድኃኒት ነው፣ ብድር ነው።

ቃሉ በእንግሊዝኛም ቢሆን ከመርካቶ የራቀ አይደለም። ሥሩ «ፓክ» ነው፤ ወደ እንግሊዝ የገባውም በሱፍ ነጋዴዎች በኩል ከባሕር ማዶ ከዝቅተኛዎቹ አገሮች ሳይሆን አይቀርም ይላሉ የቃል አጥኚዎች። የነጋዴ ጥቅል ነው እንግዲህ። ቀስ በቀስ ጥቅሉ ሳይታይ ስሙ ብቻ ይዞር ጀመር፦ የጉዞ ፓኬጅ፣ የደመወዝ ፓኬጅ፣ የኮምፒውተር ፓኬጅ። «ሁሉን ካልወሰድክ አንዱንም አታገኝም» የሚለው የድርድር ቋንቋም ከዚሁ ወጣ።

ወደ እርሻ የገባው በህንድ በኩል ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። እ.ኤ.አ. በ1960 እና 61 ህንድ በፎርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ በተመረጡ አውራጃዎች የጀመረችው የተጠናከረ የግብርና ፕሮግራም በሰፊው የሚታወቀው «የፓኬጅ ፕሮግራም» በሚል ስም ነበር። ሐሳቡ ሞኝ አይደለም። ማዳበሪያ ያለ ምርጥ ዘር ብዙ አይፈይድም፤ ምርጥ ዘር ያለ ብድር አይገዛም፤ ሁለቱም ያለ ምክር ይባክናሉ። ስለዚህ አንድ ላይ ይታሰሩና ይሰጡ ተባለ።

እኛ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድኖች እርዳታ አርሲ ላይ ካዱ ተቋቋመ። ወላይታ፣ ያኔ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረ አውራጃ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም ባንክ ብድር የራሱን አገኘ፤ ዋዱን። ዋዱ ሶዶን ማዕከል አድርጎ ደጋውን በማዳበሪያና በዘር ብድር፣ በመንገድ፣ በአፈር ጥበቃ ያዘ፤ ከቆላው ደግሞ አበላ ላይ ሰው አሰፈረ። እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ቆይቷል። ዛሬም ወላይታ ውስጥ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ዘመን ሲቆጥሩ «በዋዱ ጊዜ» ሲሉ ትሰማላችሁ።

እነዚህ ሁለቱ «ሙሉ ፓኬጅ» ነበሩ። ሙሉው ግን ውድ ነው። በየአውራጃው አንድ አንድ ካዱ መትከል እንደማይቻል ሲታወቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 «ሚኒመም ፓኬጅ» መጣ፤ ማዳበሪያ፣ ዘር፣ ብድርና ምክር ብቻ፣ ያውም ክረምት ከበጋ መኪና የሚገባበትን መንገድ ተከትሎ። ከመንገዱ የራቀ ገበሬ ከትንሿም ጥቅል አልደረሰውም ማለት ነው። (ቢሮክራሲያችን «አነስተኛውን» መውደድ የጀመረው ከዚያን ጊዜ ይሆን?)

የሽማግሌው ፓኬጅ ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ሳሳካዋ ግሎባል 2000፣ ማለትም የጃፓኑ ሳሳካዋ፣ ጂሚ ካርተርና ኖርማን ቦርሎግ የቆሙበት ፕሮግራም፣ ኢትዮጵያ ገባ። ገበሬው ግማሽ ሄክታር ይመድባል፤ እዚያ ላይ በሚታዘዘው ልክ ዘርና ማዳበሪያ ያደርጋል። ውጤቱ አስደናቂ ነበር፤ በሠርቶ ማሳያዎቹ ላይ በቆሎው ከተለመደው እጥፍና ከዚያም በላይ ሰጠ። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1995 ይኸንኑ የመላ አገሪቱ የኤክስቴንሽን ሥርዓት አደረገው። እዚህ ላይ የሠራውን መካድ አይገባም፤ ዛሬ ያለ ምርጥ ዘር በቆሎ የማይዘራ ስንትና ስንት ገበሬ ቃሉን የተማረው ያኔ ነው።

ችግሩ ልኩ ላይ ነው። የበቆሎው ፓኬጅ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ፣ 25 ኪሎ ዘር ይል ነበር። ለግማሽ ሄክታር ሲካፈል 50፣ 50፣ 12 ተኩል ይሆናል። ማዳበሪያው የ50 ኪሎ ጆንያ፣ የዘሩም ከረጢት 12 ተኩል ኪሎ ነው። ጥሩ ሒሳብ! ወላይታ ላይ ግን ጠቅላላ ይዞታው ግማሽ ሄክታር የማይሞላ አባወራ ሞልቷል። ከዚያችው ላይ ቤቱ አለ፣ ከቤቱ ጓሮ እንሰቱና ጎደሬው አለ፣ ከዚያ ወዲያ ስኳር ድንቹ። ወላይቶች ፍግ የጠገበውን የጓሮ መሬት ዳርኮዋ፣ ራቅ ያለውን ሾካ ብለው ይለዩታል፤ ሁለቱ የሚፈልጉት አያያዝ አንድ አይደለም። ፓኬጁ ይህን አይለይም። ብዙ የታደለው በቆሎ ቢኤች 660 ደግሞ እስኪደርስ 160 ቀን ገደማ ይፈጃል። እስከዚያ መሬቱ ተይዟል።

ሽማግሌውን ጥላ ሥር አግኝቼ ጠየቅኋቸው። (ካርዳቸውን በምስማር እየፋቁ ነበር።) «ወሰድኩ እንጂ!» አሉኝ። «መሬቴ አንድ ጥማድ ናት። ጎረቤቴም አንድ ጥማድ። በእኔ ስም ወስደን ተካፈልን።» አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው። «ማዳበሪያውስ?» አልኳቸው። ፈገግ አሉ። «ጥቂቱ በቆሎው ላይ፣ ጥቂቱ ጎደሬው ላይ። ትንሽ ሸጥኩ። ልጅ ታሞብኝ ነበር።»

የልማት ሠራተኛው ይህን ቢሰማ «ፓኬጁን አልተገበረም» ብሎ ይጽፋቸዋል። እኔ ግን ፓኬጁን ፈትተው ለኑሯቸው መልሰው እንደቋጠሩት ነው የገባኝ። በአማርኛም ስንቅ ይቋጠራል፤ የሚቋጥረው ግን መንገደኛውን የሚያውቅ የቤት ሰው ነው።

ዕዳው ግን አይፈታም። አሠራሩ ይህን ይመስል ነበር፦ ማዳበሪያውን ባንክ ያበድራል፣ ዋሱ ክልሉ ነው፣ መያዣውም የክልሉ በጀት። ገበሬው ካልከፈለ ከክልሉ በጀት ይቆረጣል። ስለዚህ ፓኬጁን «ውሰድ» ያለው ባለሥልጣንና «ክፈል» የሚለው አንድ ሰው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2001 ምርቱ ጥሩ ሆኖ የበቆሎ ዋጋ ክፉኛ ወደቀ፤ በ2002 ደግሞ ድርቅ መጣ። በዋጋው መውደቅ የተጎዳው ብዙ የወሰደው ነው፤ ጎበዙ ገበሬ! ዕዳውን ለመክፈል በሬ የሸጠ በየአገሩ ነበር። ሽማግሌው የሸጡት ጊደር ነው። የጎረቤታቸውም ድርሻ በእሳቸው ስም ስለነበረ፣ እሱ እስኪከፍላቸው ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም።

ከዚያ ወዲህ ቃሉ ቤቱን ሁሉ ሞላው። እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን በ16 ፓኬጆች ተጀመረ፤ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ልጆች ገብተው ቤተሰቡን 96 ሰዓት ያሠለጥኑ ነበር። እኔ ከፓኬጆች ሁሉ ይህን እወደዋለሁ፤ መጸዳጃ ቆፍሮ፣ ልጁን አስከትቦ ዕዳ የገባ ሰው አላየሁምና። ለምግብ ዋስትና ደግሞ በብድር ፍየል፣ ንብ፣ የሚደልብ በሬ የሚሰጥ የቤተሰብ ፓኬጅ መጣ። የወጣቶች ፓኬጅ፣ የሴቶች ፓኬጅ፣ የትምህርት ጥራት ፓኬጅም ተከተሉ። አንዳንዱ የተፈታ ጥቅል ነው፣ አንዳንዱም ውስጡ ባዶ። የሚገርመው፣ «ጥቅል» የሚል ቆንጆ ቃል እያለን ሰነድ ጸሐፊዎቻችን «ፓኬጅ» ላይ ሙጭጭ ማለታቸው ነው። ምናልባት «ጥቅል» ቢባል ሰው «እስቲ ፍታው፣ ውስጡን ልየው» ሊል ይችላል።

ለልጁም ፍትሕ እናድርግ፤ እውነቱን ነው የተናገረው። በካርድ ከመደወል ፓኬጅ ይረክሳል። ይህንኑ ለሽማግሌው ነገርኳቸው።

«ቀን አለው ይባላል» አሉኝ።

«አዎ፣ ቀኑ ካለፈ ይቃጠላል።»

«እኔ በወር ሁለቴ ነው የምደውል፤ ዲላ ያለችው ልጄ ጋ። ቀን ቆጥሬ አልደውልም።» ካርዱን ፍቀው ጨርሰው ነበር። ቁጥሩ ለዓይናቸው ስለደቀቀባቸው እኔ እያነበብኩ እሳቸው አንድ በአንድ ነኩ። 10 ብሩ ገባ። ወዲያው ስልኳ ጮኸች፤ መልእክት ነው። «ምን ይላል?» ብለው ሰጡኝ።

የፓኬጅ ማስታወቂያ ነበር።