የሊጉ ክለቦች ባለቤትነት፣ ወጪ እና ከሜዳው የራቀው ደጋፊ

ከእንጦጦ ግርጌ ካሉት የፈረንሳይ ለጋሲዮን መንደሮች በአራት ኪሎ በኩል፣ ከኮተቤና ከጉርድ ሾላ ደግሞ በመገናኛ በኩል፣ የየካ ክፍለ ከተማ የኳስ ወዳጅ አዲስ አበባ ስታዲየም ለመድረስ ብዙ አይቸገርም። በ2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የምሥራቅ ምዕራብ ቀላል ባቡር በስታዲየሙ ስም የተሰየመ ጣቢያ አለው። በ2013 ዓ.ም ግን ደጋፊው በዚህ መንገድ ሄዶ ክለቡን የሚያገኝበት ዘመን ተቋረጠ።

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የ2012 ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተሰርዞ ነበር። ሊጉን የሚመራው፣ ክለቦቹ ባለአክሲዮን የሆኑበት ማኅበር፣ በታኅሣሥ 2013 ውድድሩን ሲያስጀምር ክለቦቹ ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰብስበው እንዲጫወቱ አደረገ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ በየተራ አስተናገዱ። የቀጥታ ሥርጭቱ መሣሪያና ባለሙያም ከቦታ ቦታ መንከራተቱ ቀረለት። «ባለሜዳ» የሚለው ቃል ግን በመርሐ ግብሩ ወረቀት ላይ ብቻ ቀረ። የዚያ ዓመት ሻምፒዮን ፋሲል ከነማ ነው፤ ጎንደር ግን ከአስተናጋጆቹ መካከል ስላልነበረች ሕዝቧ የክለቡን ታላቅ ዓመት የተከታተለው በቴሌቪዥን ነበር።

ክለቦቹ ከሜዳቸው ርቀው መኖር የቻሉበት ምክንያት በባለቤትነታቸው ይገኛል። አብዛኞቹ የከተማ አስተዳደሮች ወይም የመንግሥት ተቋማት ናቸው። ፋሲል ከነማና ባሕር ዳር ከተማ ከከተሞቻቸው፣ መቻል ከሠራዊቱ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። የ2016 ዋንጫ ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ የ2017ቱ ወደ ኢትዮጵያ መድን መሄዱም የገንዘቡን አቅጣጫ ያሳያል። በ1928 ዓ.ም በአራዳ የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና በደጋፊ ብዛታቸው ከሌሎቹ ይለያሉ። በጥቅሉ ሲታይ ግን የክለብ ሕልውና በመግቢያ ትኬት ላይ የቆመ አይደለም። ደጋፊው ቢቀር በጀቱ አይቀርም፤ ስለዚህም ቅሬታው ክብደት ያጣል።

ይህ የገጠሩንም ነዋሪ ይመለከታል። የከተማ አስተዳደር ለክለብ የሚመድበው ብር ለውኃ፣ ለመንገድና ለጤና ጣቢያ ከሚመደበው ጋር ከአንድ ካዝና ይወጣል። አብላጫውን የሚወስደው የተጫዋቾች ደመወዝና የፊርማ ክፍያ ነው። በ2011 ዓ.ም መጨረሻ የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ቢወጣም የተጫዋች ገበያው አልበረደም። ሜዳ ለማደስ ያልተገኘ ገንዘብ ለአጥቂ መገኘቱ ግብር ከፋዩን ሊያስቆጣ የሚገባ ነገር ነው።

የሜዳ ጉዳይ ብሔራዊ ቡድኑንም አላለፈውም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የአገሪቱን ስታዲየሞች ከመመዘኛው በታች በማለቱ፣ ዋልያዎቹ ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉት «በሜዳቸው» ተብሎ በማላዊ ሊሎንግዌ ነበር። በ1954 ዓ.ም ይህችኑ ግብፅን በአዲስ አበባ ስታዲየም 4 ለ 2 ረትተው የአፍሪካ ዋንጫን ማንሳታቸውን የሚያስታውስ አዛውንት ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም።

በእንግሊዝ የዊምብልደን ክለብ ባለቤቶች ቡድኑን ከለንደን ወደ ሚልተን ኬንስ እንዲያዛውሩ በ2002 እ.ኤ.አ ሲፈቀድላቸው፣ ደጋፊዎቹ አዋጥተው የራሳቸውን ክለብ መሠረቱ። ክለቡም በጥቅምት 2013 ዓ.ም ወደ ቀድሞ ሠፈሩ ተመለሰ፤ የእኛ ክለቦች ከሜዳቸው የተለዩት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። እዚያ ክለቡ የደጋፊው ንብረት ሲሆን እዚህ ግን አብዛኛው ደጋፊ ከስሜቱ በቀር ድርሻ የለውም።

ለየካ ነዋሪ ቅርብ የሆነው አዲሱ ሜዳ በኢምፔሪያል አካባቢ የሚገነባው አደይ አበባ ስታዲየም ነው። ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ ታቅዶ ግንባታው በ2008 ዓ.ም ተጀመረ። ብሔራዊ ስታዲየም በመሆኑ የየትኛውም ክለብ ንብረት አይደለም።