ስትሬን፦ የልብ ጡንቻ በቁመቱ ሲኮማተር

ልቡን በኢኮ የታየ ሰው ከውጤት ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የሚፈልገው ኢ.ኤፍ. የተባለውን ቁጥር ነው። የግራው የታችኛው የልብ ክፍል ከሞላው ደም በአንድ ምት ስንት በመቶውን እንደሚረጭ ያሳያል። ሚትራል ቫልቩ ደም ለሚያሾልክበት ሰው ግን ይህ ቁጥር ሸንጋይ ነው።

እናስላው። ክፍሉ 150 ሚሊ ሊትር ሞልቶ 100 ቢረጭ ኢ.ኤፍ. 67 በመቶ ገደማ ነው። ከ100ው 40 ያህሉ በደንብ ባልገጠመው ቫልቭ ወደ ላይኛው ክፍል ከተመለሰ፣ ለሰውነት የደረሰው 60 ብቻ ነው። ደምን ወደዚያ መግፋት ስለሚቀል የደከመ ጡንቻም ጥሩ ቁጥር ያስመዘግባል። ሐኪሞች በዚህ ሕመም 60 በመቶን ራሱ የመዳከም ምልክት አድርገው የሚያዩት ለዚህ ነው።

ድካሙን ቀድሞ የሚጠቁመው ልኬት ግሎባል ሎንጊቱዲናል ስትሬን፣ ባጭሩ ስትሬን ይባላል። በአማርኛ «አጠቃላይ የቁመት መኮማተር» ቢባል ይስማማዋል። «ውጥረት» ማለት አያስኬድም፤ ታካሚው ልቤ ተጨንቋል ብሎ ይሸበራል። የሚለካው ጡንቻው በቁመቱ ስንት በመቶ እንዳጠረ ነው፤ ልብ ሲሞላ 100 ሚሊ ሜትር የነበረው የግድግዳ መስመር ሲኮማተር 80 ከሆነ፣ ስትሬኑ -20 በመቶ ነው። የመቀነስ ምልክቷ ማጠርን እንጂ ጉድለትን አታመለክትም። -20 አካባቢ ደህና ነው፤ -12 ግን ያሳስባል።

ባለሙያው በምስሉ ላይ የግድግዳውን የውስጥ ጠርዝ ያሰምራል፤ ኮምፒውተሩ በጡንቻው ላይ የሚታዩትን ጥቃቅን ነጠብጣቦች እየተከተለ እንቅስቃሴያቸውን ያሰላል። በቁመት የተዘረጉት ክሮች በብዛት ያሉት በውስጠኛው ንብርብር ነው፤ ጫና ሲበዛም ቀድመው የሚጎዱት እነሱ ናቸው። አኦርታ ቫልቭ ሲጠብም ኢ.ኤፍ. ሳይነካ ስትሬኑ ሊወርድ የሚችለው በዚሁ ምክንያት ነው።

በአገራችን በብዛት የሚታየው፣ ወጣቶችን የሚያጠቃው የሩማቲክ ልብ ሕመም ግን ነገሩን ያወሳስበዋል። ሚትራል ቫልቭ ሲጠብ የታችኛው ክፍል በቂ ደም ስለማይደርሰው ጡንቻው ባይጎዳም ስትሬኑ ሊያንስ ይችላል። የልብ ምት ከተዛባ ደግሞ ልኬቱ ከምት ምት ይለያያል፤ የበርካታ ምቶች አማካይ መውሰድ ያስፈልጋል። የመሣሪያዎቹ ስሌትም አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ ክትትል ያለው ታካሚ ቢቻል በአንድ ዓይነት መሣሪያ ቢታይና የዕለቱ የደም ግፊቱ ከውጤቱ ጋር ቢጻፍ ይመረጣል።