የበሬው ክብደትና የመሃሉ ግማሽ

እ.ኤ.አ. በ1906 በእንግሊዝ አገር፣ በፕሊመዝ ከተማ፣ የከብትና የዶሮ ኤግዚቢሽን ነበር። ከዝግጅቶቹ አንዱ የግምት ውድድር ነው። አንድ የሰባ በሬ ሕዝቡ ፊት ይቆማል። ሰዉ ስድስት ፔንስ እየከፈለ ካርድ ይገዛና በሬው ታርዶ፣ ቆዳው ተገፎ፣ ሆድ ዕቃው ከወጣ በኋላ ስንት እንደሚመዝን ግምቱን ይጽፋል። ለትክክለኛው የቀረበ ይሸለማል። ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ከብት የሚያውቁ ሥጋ ሻጮችና ገበሬዎች ነበሩ፤ ዝም ብለው የገመቱም ነበሩ።

ካርዶቹ በኋላ ፍራንሲስ ጋልተን እጅ ገቡ። ጋልተን ያኔ ዕድሜው ወደ 85 የተጠጋ፣ በሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት በቁጥር ለመግለጽ ብዙ ዓመት የደከመ ሳይንቲስት ነበር። የተበላሹት 13 ካርዶች ሲወጡ 787 ቀሩ። ታዲያ ከ787 ግምት የሕዝቡ ሐሳብ ይሄ ነው የሚባለው የትኛው ነው?

አማካዩን እንውሰድ ትሉ ይሆናል። ጋልተን ግን አማካይን በዚህ ጉዳይ አያምነውም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ አንድ ሰው የማይሆን ቁጥር ከጠራ አማካዩን ወደ ራሱ ይጎትተዋል፤ ቁጥሩ የባሰ የማይሆን በሆነ መጠን ጉተታውም ይብሳል። ስለዚህ ግምቶቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደረደረና መሃል ላይ ያለውን 394ኛውን አየ። መሃል ከፋይ (ሚዲያን) የምንለው ይሄ ነው። 1207 ፓውንድ ሆነ። ጋልተን የዘገበው የበሬው ክብደት ደግሞ 1198 ፓውንድ ነው፤ ወደ 543 ኪሎ ማለት ነው። ሕዝቡ የሳተው በ9 ፓውንድ ብቻ!

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እስከዚህ ነው። ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ ሰዎቹ ምን ያህል ተስማምተዋል? ግምቶቹ ከ300 እስከ 2500 ተበትነውም መሃል ከፋዩ 1207 ሊሆን ይችላል። መሃል ከፋዩ የቱ ጋ እንዳሉ እንጂ ምን ያህል እንደተራራቁ አይነግረንም።

ጋልተን ይህንንም በሠንጠረዡ አሳይቷል። የተደረደሩትን ግምቶች አራት እኩል ቦታ ብንከፍላቸው የመጀመሪያው ሩብ የሚያበቃው 1162 ላይ፣ ሦስተኛው ሩብ የሚያበቃው 1236 ላይ ነው። እነዚህ ድንበሮች ኳርታይል ይባላሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ኢንተርኳርታይል ሬንጅ ነው፦ 1236 − 1162 = 74። ከሰዎቹ ግማሽ ያህሉ በ74 ፓውንድ፣ ማለትም በ34 ኪሎ ገደማ ስፋት ውስጥ ተሰብስበዋል። ትክክለኛው ክብደትም እዚያው ውስጥ ነው።

እስቲ እኛም እንሞክረው። 11 ተማሪዎች በጠርሙስ ውስጥ ስንት ፍሬ ሽምብራ እንዳለ ገመቱ እንበል፦

60፣ 80፣ 90፣ 95፣ 100፣ 105፣ 110፣ 115፣ 120፣ 130፣ 900

ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ስለተደረደሩ መሃል ከፋዩ 6ኛው፣ 105 ነው። እሱን ትተን ከታች ያሉትን አምስቱን እንይ፤ መሃላቸው 90 ነው። ከላይ ያሉት የአምስቱ መሃል ደግሞ 120። ስለዚህ ኢንተርኳርታይል ሬንጁ 120 − 90 = 30 ይሆናል። (ኳርታይልን ለማግኘት ሌሎች ዘዴዎችም አሉ፤ መልሳቸው ትንሽ ሊለያይ ስለሚችል በመጽሐፋችሁ ያለውን ተከተሉ።)

አሁን 900 ያለውን ልጅ ተመልከቱ። አማካዩን ወደ 173 ሰቅሎታል፤ ይህ ደግሞ ከሌሎቹ ከአሥሩም ተማሪዎች ግምት በላይ ነው። ከትልቁ ላይ ትንሹን ብንቀንስም 840 ይመጣል። ልጁ 900 በማለት ፈንታ 9000 ቢል እንኳ 30ው ንቅንቅ አይልም።

ይህ ባሕርይ በኋላ ለሌላ ሥራ ዋለ። አሜሪካዊው ጆን ቱኪ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው መጽሐፍ የመሃሉን ግማሽ በሳጥን የሚያሳየውን ሥዕል አስተዋወቀ። የሳጥኑን ርዝመት በ1.5 አባዝቶም በሁለቱም በኩል አጥር አበጀ። በእኛ ምሳሌ 1.5 × 30 = 45 ነው፤ አጥሮቹ 90 − 45 = 45 እና 120 + 45 = 165 ላይ ይቆማሉ። 900 ከአጥሩ ውጭ ቀረ ማለት ነው። ያ ማለት ግን ይሰረዝ ማለት አይደለም። ምናልባት በስሕተት ዜሮ ተጨምሮበት ይሆናል፣ ምናልባትም ልጁ ሌሎቹ ያላዩትን አይቶ ይሆናል። አጥሩ ቆም ብላችሁ መርምሩ ነው የሚላችሁ።

ስለ ጋልተን ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። የሰውን ዘር በመምረጥ «ማሻሻል» ይቻላል የሚለውን፣ በኋላ ብዙ ግፍ የተፈጸመበትን ዩጀኒክስ የተባለ ሐሳብ ስም ያወጣለት እሱ ነው። ችሎታ በዘር የሚወረስና የጥቂቶች ነው ብሎ ያምን ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1907 የበሬውን ውጤት «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ሲያወጣ፣ የሕዝብ ፍርድ ከተጠበቀው በላይ የሚታመን መሆኑን ጽፏል። የገዛ ስሌቱ ካመነበት በተቃራኒ መሰከረበት።

እናንተም ከእንግዲህ «አማካዩ ይህን ያህል ነው» ሲሏችሁ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ የመሃሉ ግማሽስ ከየት እስከ የት ነው?