ሎግ
መርከበኞች ፍጥነታቸውን ለመለካት በገመድ የታሰረ ግንድ ባሕር ላይ ይጥሉ ነበር። ግንዱ በእንግሊዝኛ «ሎግ» ነው፤ ልኬቱ የሚጻፍበት መዝገብም ስሙን ወረሰ። ዛሬ ፕሮግራም የገጠመውን ከነሰዓቱ የሚያሰፍርበት ፋይል ሆኗል።

በራስዎ ኮምፒውተር የሚሠሩት የፒኤችፒ ገጽ ነጭ ሆኖ ከቀረ ሎጉን ይፈልጉ። ቦታውን የሚወስነው «ፒኤችፒ ዶት አይኤንአይ» የተባለው ፋይል ነው፤ «ሎግ ኤረርስ» መብራቱን፣ «ኤረር ሎግ» አድራሻ መያዙን ይዩ። አድራሻ ከሌለው፣ ሰርቨሩ አፓቺ ሲሆን ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ በአፓቺ መዝገብ ይገኛል። ሰው በከንቱ የሚደክመው ግን የማይነበብ አይኤንአይ ሲያርም ነው፤ አንድ ማሽን ላይ ሁለት ሦስት ሊኖር ይችላላ! የትኛው እንደተነበበ «ፒኤችፒ ኢንፎ» የተባለው የፒኤችፒ ትእዛዝ ከነአድራሻው ያሳያል። ካረሙ በኋላ አፓቺን አጥፍተው ያስነሡ።