የዕቅድ ፍጥነትና የጭነት ዕውቀት፦ የባሕረ ሰላጤው ጦርነት የሎጂስቲክስ ሶፍትዌር ሲመረመር

ወታደራዊ ሎጂስቲክስ፣ ማለትም ሰራዊትን ከነስንቅና ትጥቁ በተፈለገው ጊዜ በተፈለገው ስፍራ የማድረስ ሥራ፣ በአዋጊዎች ዝና ተሸፍኖ ቢኖርም ለዘመናዊው የስሌት ሳይንስ ብዙ አበርክቷል። እ.ኤ.አ. በ1947 ጆርጅ ዳንትዚግ ለአሜሪካ አየር ኃይል ሲሠራ ያፈለቀው «ሲምፕሌክስ» የተባለ ስልት፣ ይኸውም ውስን ሀብትን ለተፎካካሪ ፍላጎቶች በተሻለው መንገድ የሚያከፋፍል የስሌት ዘዴ፣ ዛሬ ነዳጅ ማጣሪያዎችና አየር መንገዶች ቢገለገሉበትም የተወለደው የአየር ኃይሉን የሥልጠና፣ የአቅርቦትና የሥምሪት ዕቅድ ለማፋጠን ነበር።

ይህ ዓይነቱ ስሌት በሰፊው የተፈተነው ግን ኢራቅ ነሐሴ 2 ቀን 1990 (እ.ኤ.አ.) ኩዌትን ከወረረች በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ጀርመን የሰፈረው የአሜሪካ ጦር 7ኛ ኮር ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ እንዲዛወር ሲወሰን፣ በ1987 የተቋቋመው የአሜሪካ የትራንስፖርት ዕዝ በጊዜ ቅደም ተከተል የተደረደረ ግዙፍ የሥምሪት ዝርዝር ማዘጋጀት ነበረበት። በዝርዝሩ ውስጥ እያንዳንዱ መስመር አንድ ክፍል ከየት ተነሥቶ፣ በምን ተጓጉዞ፣ መቼና የት እንደሚደርስ ይገልጻል፤ አንዱ መስመር ሲናጋ ሌሎቹም ይናጋሉ። ለምሳሌ የአንድ ሻለቃ ታንኮች ከብሬመርሃቨን በመርከብ፣ ወታደሮቹ ደግሞ በአውሮፕላን የሚጓዙ ከሆነ፣ መርከቢቱ ስትዘገይ ወታደሮቹ ታንክ አልባ ሆነው ወደብ ላይ ይቀመጣሉ፤ በደማምና በጁባይል መጋዘኖች የታየውም ይኸው ነው።

ለዚህ ችግር የተዘጋጀው «ዳርት» የተባለው ሶፍትዌር ሲሆን፣ ሥራው የተካሄደው ዳርፓ በተሰኘው የመከላከያ ምርምር ተቋም ድጋፍ ነው። ዕቅድ አውጪው በስክሪን ላይ አንድን መነሻ ወይም ቀን ሲለውጥ ፕሮግራሙ የመርከብ፣ የወደብና የአየር ማረፊያ አቅም የት ላይ እንደሚጋጭ ለይቶ ያሳያል፤ በአንድ ጊዜም እስከ 50 ሺህ የሚደርሱ ተሽከርካሪዎችን፣ ጭነቶችንና ሰዎችን አገናዝቦ፣ በቀድሞው አሠራር ሳምንታት ይፈጅ የነበረውን ዕቅድ በሰዓታት ያወጣ ነበር። ዳርፓ ይህ አንድ ሥራ ብቻ ለ30 ዓመታት በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ ያፈሰሰውን ገንዘብ ከነትርፉ መልሶልኛል ብሏል፤ በጀት የሚጠይቅ ተቋም ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት መሆኑ እንዳይዘነጋ እንጂ፣ የፍጥነቱ ነገር አያጠራጥርም።

ይሁን እንጂ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው ዝርዝሩ የሚለውን ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ ደግሞ ወደቡ ላይ ካለው እውነታ ጋር አልገጠመም። ወደ ጦር ቀጠናው ከተላኩት 40 ሺህ ገደማ ኮንቴይነሮች ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በውስጣቸው ምን እንዳለ ለማወቅ ተከፍተው፣ ተቆጥረውና እንደገና ታሽገው ነው የተላለፉት። የተለያዩ ክፍሎች ያዘዙት ዕቃ በአንድ ሣጥን ተደባልቆ ይጫናል፤ ሰነዱ የይዘቱን ዝርዝር አይነግርም። መለዋወጫ ያዘዘ ክፍል ዕቃው የት እንደደረሰ ሲያጣ ያንኑ ደግሞ ያዝዛል፤ ትእዛዙ እንዳይዘገይበትም «አስቸኳይ» የሚል ምልክት ይለጥፍበታል፤ ሁሉም እንደዚያ ሲያደርግ ቅድሚያ የሚባለው ነገር ትርጉሙን ያጣል። ጥርጣሬ ትእዛዝን አባዛ፣ የበዛው ትእዛዝ ወደቡን አጨናነቀ፣ መጨናነቁም ጥርጣሬውን መልሶ አጸና። ስሌትን የሚያፋጥን ፕሮግራም እንዲህ ያለውን አዙሪት ብቻውን ሊሰብረው አይችልም፤ ምክንያቱም ችግሩ የስሌት ሳይሆን የመተማመንና የመዝገብ አያያዝ ነው።

የቀጠናውን አቅርቦት የመሩት ጄኔራል ዊልያም ፓጎኒስ ከኮምፒውተሩ ጎን ለጎን ከእጅ መዳፍ በማይበልጡ ትናንሽ ካርዶች ይገለገሉ ነበር፤ የበታች ወታደር ጥያቄውን በካርድ ጽፎ ወደ ላይ ያስተላልፋል፣ መልሱም በዚያው ካርድ ይመለስለታል። ካርዱን ኋላ ቀርነት አድርጎ ማየት ስሕተት ይሆናል፤ ዕቃውን በዓይኑ ያየው ሰው ያወቀውን ለወሳኙ በቀጥታ የሚነግርበት መንገድ እንደመሆኑ፣ ዳርት ያልነበረውን ነገር ያሟላ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ ጦር ኮንቴይነሮችን በሬዲዮ ሞገድ በሚነበቡ መለያዎች ለመከታተል ገንዘብ መደበ፤ መለያዎቹም በ2003ቱ የኢራቅ ዘመቻ ላይ ዋሉ። ነገር ግን አጠቃቀሙ ወጥ አልነበረም፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የአሜሪካ ምክር ቤት የኦዲት መሥሪያ ቤት ባቀረበው ሪፖርት ላይ ወደ ቀጠናው ተልኳል በተባለውና ደርሷል ተብሎ በተመዘገበው ዕቃ መካከል የ1.2 ቢሊዮን ዶላር ልዩነት ተገኝቷል።