የስኳር ሕመምተኛና መድኃኒቱ፦ ከታዛዥነት ወደ ስምምነት

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 11 ቀን 1922 በቶሮንቶ የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ ሲወጋ፣ መድኃኒቱን ስለ መውሰድና አለመውሰድ የሚያነጋግር ነገር አልነበረም። የዘመኑ ሕክምና ታማሚውን በረኃብ የሚያከሳ የምግብ ቅነሳ ስለ ነበር፣ ምርጫው በመርፌና በሞት መካከል ነበር።

ሕይወት ሲራዘም ግን የመድኃኒቱ ሸክም ጎልቶ ወጣ። የመጀመሪያው ኢንሱሊን የሚሠራው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ በመሆኑ በቀን ብዙ ጊዜ መወጋት ግድ ነበር፤ የመስተዋት ስሪንጁን መቀቀልና የዶለዶመ መርፌን መሳልም የታካሚው ሥራ ነበር። ዴንማርካዊው ሐኪም ሐገዶርን እ.ኤ.አ. በ1936 ለረጅም ሰዓት የሚሠራ ኢንሱሊን ሲያስተዋውቅ የመወጊያው ቁጥር ቀነሰ። ሸክሙን ያቀለለው የሐኪም ተግሣጽ ሳይሆን የመድኃኒቱ መሻሻል ነበር።

በ1950ዎቹ የሚዋጡ እንክብሎች ሲመጡ ሌላ ችግር ተከተለ። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ብዙ ጊዜ ሕመም ስለማይሰማው፣ ዛሬ መድኃኒቱን የተወ ሰው ነገ ምንም ላይሰማው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ቶልቡታማይድ የልብ ሞትን ሳያበዛ አይቀርም ሲል ሐኪሞች ራሳቸው ለዓመታት ተከራከሩ። እንግዲህ የታካሚው ጥርጣሬ ሁልጊዜ ካለማወቅ የመነጨ ነው ማለት አይቻልም። የስኳር ቁጥጥር በዓይንና በኩላሊት ላይ የሚደርሰውን ጉዳት እንደሚቀንስ በሁለተኛው ዓይነት ሕሙማን ላይ በጉልህ ያሳየው የእንግሊዝ ጥናት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ ጥቅሙም የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው።

በ1970ዎቹ ሳኬትና ሄይንስ የተባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች ጉዳዩን ሲያጠኑ የተጠቀሙበት ቃል «ታዛዥነት» የሚል ትርጉም ነበረው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ዘገባ ግን ሕክምናን መከተል ታካሚው በተስማማበት ምክር መጽናት መሆኑን ገለጸ፤ በበለጸጉ አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ ሕክምናን በአግባቡ የሚከተሉት ግማሽ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን፣ ምክንያቱም ከታካሚው ባሻገር በኑሮ፣ በጤና አገልግሎት፣ በበሽታውና በመድኃኒቱ ጠባይ ላይ እንደሚገኝ አስረዳ።

በአገራችንም ከጎንደርና ከጅማ ሆስፒታሎች የስኳር ሕሙማን ክትትል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች እንዲወርድ የተደረገው የመንገዱ ርቀት ራሱ ሕክምና የሚያስቋርጥ በመሆኑ ነው። ማቀዝቀዣ የሌለው ገበሬ ኢንሱሊኑን የት ያስቀምጣል? በጾም ወራት መርፌውን መቼ ይወጋል? ጸበል የገባው መድኃኒቱን ማቋረጡን ለሐኪሙ ለመናገር ይደፍራልን? «ለምን አልወሰድህም?» ተብሎ የሚገሠጽ ታካሚ በሚቀጥለው ቀጠሮ እውነቱን ይደብቃል፤ ወይም ከነጭራሹ ይቀራል። «ምን አስቸገረዎት?» ተብሎ የተጠየቀ ግን ችግሩን ይናገራል፤ መፍትሔውም ከዚያ ይጀምራል።